ዘንድሮ አደይ አበባው ከወትሮው በዛ፤ ምክንያቱ ምንድን ነው? ለከርሞስ እንዴት ላቆየው?

ጥያቄ፦ የጓሮ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። አምና በጓሮው ጥግ ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ይል የነበረው አደይ የዘንድሮው ጸደይ ሲገባ 60 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ቦታ ሞልቶታል። ከጓሮው ጋር የሚገናኘው የጽድና የወይራ ጫካ ዳርቻም ቢጫ ለብሷል፤ ከሥር ደግሞ ማገጡና የውሃ አንቁሩ ተነጥፏል። አፈሩ ቀይ ነው፣ ተዳፋት ስለሆነ ውሃ አይተኛበትም። ቦታው ከታጠረና ከብት መግባት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሦስት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህ የዝናቡ ሥራ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ሣሩን መቼ ባጭደው ነው አበባው ለከርሞ የማይጠፋው? ዘሩን ለቅሜ ጫካው ውስጥ፣ ዛፎቹ ሥር ብበትነውስ ይበቅላል?

መልስ፦ ቅጠል ለቃሚ

በመጀመሪያ ቢጫው ሁሉ አደይ መሆኑን ያረጋግጡ። ታጥሮ በከረመ መሬት ላይ መጭ አብሮት ይወጣል፣ ከሩቅ ሲታዩ ደግሞ አይለዩም። ቅጠሉን ይያዙት። የአደይ ቅጠል እስከ መሐል አጥንቱ ድረስ ተተልትሎ ቀጫጭን ሆኖ የተከፋፈለ ነው። የመጭ ቅጠል ግን ሙሉ ነው፤ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ እግር ስለሌለው ግንዱን ያቅፋል። ዘሩም ያጋልጠዋል፦ መጭ የኑግ ዘመድ ስለሆነ ፍሬው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የአደይ ፍሬ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ነው። «አደይ» የምንለው ራሱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ባይደንስ ማክሮፕቴራ፣ ባይደንስ ፓኪሎማና ባይደንስ ፕሬስቲናሪያ ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ።

ስለ ምክንያቱ፦ አደይ ሥሩ ከዓመት ዓመት የሚቆይ ተክል አይደለም። በክረምት በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ በበጋው ይደርቃል። ስለዚህ ዘንድሮ የሚያዩት አበባ የአምናው ዘር ነው። ዝናቡን ብቻ የሚያመሰግኑ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። አምና የነበሩት ጥቂቶች ሳይታጨዱና ሳይጋጡ ዘራቸውን አራግፈዋል፤ የአጥሩ ጥቅም እሱ ነው። ከብት አደዩን ባይበላው እንኳ ይረግጠዋል፣ የአበባውን ራስ ይሰብረዋል።

ዝናቡ የሚወስነው የበቀለው ምን ያህል ይተርፋል የሚለውን ነው። ዘሩን የሚያጠፋው አንድ አሳሳች ዝናብ ነው፦ ቀደም ብሎ በደንብ ይጥልና ቡቃያውን ያወጣዋል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋል፣ ሥር ያልሰደደው ቡቃያ ይደርቃል። ከሰኔ ጀምሮ ሳያቋርጥ ሲዘንብ ግን የበቀለው አብዛኛው ይዘልቃል። ሦስተኛው ምክንያት ብርሃን ነው። በሰኔ መሬቱ በረጅም ደረቅ ሣር ካልተሸፈነ ቡቃያው ፀሐይ ያገኛል። እዚህ ላይ የሁለት ዓመት አጥር መልካም ነው፤ እንዲሁ ከተተወ ግን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ሣሩ ተደራርቦ አደዩን ሊያፍነው ይችላል። አጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ ማጨድም ያስፈልጋል።

መብዛቱን በዓይን ግምት አይተዉት። አራት እንጨትና ገመድ ይዘው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሥሩ፤ ሳይመርጡ በአሥር ቦታ እየጣሉ ውስጡ ያለውን ይቁጠሩ። የሚቆጠረው ከመሬት የወጣው ግንድ ነው፣ አበባው አይደለም። ቦታ ያገኘ አንድ ተክል ቅርንጫፉን ዘርግቶ በርካታ አበባ ይሸከማል፣ የተጨናነቀው ሁለት ሦስት ብቻ ይይዛል። አበባ ከቆጠሩ 12 ተክል ያለበት ቦታ 40 ካለበት በልጦ ሊታይዎት ይችላል። ቀኑንም ይጻፉ፤ ከርሞ በዚያው ቀን ይድገሙት።

ቀን ካነሣን አይቀር፣ ይህ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ጸደይ አይባልም። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ጀምሮ ያለው የበልጉ ወቅት ነው። አደይ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ወደ መጸው ይሻገራል። በማስታወሻዎ ላይ ካላስተካከሉት የበልጉንና የመስከረሙን አበባ አንድ ላይ ያደባልቁታል።

መልስ፦ ዘር ያዥ

ስለ አጨዳው እኔ ልመልስ። አሁን አይጨዱ። አንድ አበባ የምንለው ብዙ ጥቃቅን አበቦች የተሰበሰቡበት ራስ ነው። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ምላሶች ነፍሳትን ለመጥራት ናቸው፣ ዘር የሚይዙት መሐል ያሉት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ስለዚህ ምላሶቹ ሲረግፉ «አበቃ» ብሎ ማጨድ ዘሩን ገና በጥሬው መግደል ነው። ከዚያ በኋላ ራሱ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ፍሬዎቹ እየተለያዩ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። በአውራ ጣትዎ ገፋ ያድርጉት፤ ሳይጎተት እጅዎ ላይ ከወደቀ ደርሷል፣ ሥሩ ከያዘና ጫፉ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። በደጋው ይህ በአብዛኛው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይደርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱ።

ሣሩን ለከብት ከፈለጉትና እስከዚያ መቆየት ካልቻሉ ቦታውን ሦስት ቦታ ይክፈሉት፣ ሁለቱን አሁን አጭደው አንዱን ይተዉ። የሚተዉትን ክፍል በየዓመቱ ይቀያይሩት። የዘገየው ሣር ለድርቆሽነት ጥራቱ ይቀንሳል፣ እሱን መቀበል ነው። ዘር የያዘውን ክፍል ሲያጭዱ ከመሬት አንድ ጋት ያህል ከፍ አድርገው ይቁረጡ፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን እዚያው ተኝቶ ይድረቅ፣ ዘሩ እየረገፈ ይቀራል። ከዚያ ግን የግድ ያንሱት። እዚያው ከበሰበሰ መሬቱን ይሸፍነዋል፣ ያዳብረዋልም፤ የዳበረ መሬት ደግሞ የሣር እንጂ የአደይ አይደለም።

ለመያዣ የሚሆነውን ዘር ከ30 እስከ 50 ከሚሆኑ ተክሎች ይልቀሙ፤ ከአንዱ ተክል ላይ ሁሉንም አይግፈፉ፣ ሁለት ሦስተኛውን ይተዉለት። በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት ይያዙ። ላስቲክ ውስጥ ያፍናል፣ ይሻግታል። ጥላ ሥር ስስ አድርገው አንድ ሁለት ሳምንት ያድርቁት፣ በእጅ አሽተው በሰፌድ ያንገዋልሉት፣ ቀኑን ጽፈው አይጥ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

የሚዘራው በሰኔ፣ ዝናቡ ሲረጋ ነው። ሣሩን ከሥሩ ልጠው አፈሩን በመንጠቆ ጫር ጫር ያድርጉት። አንድ እጅ ዘር ከአምስት እጅ ደረቅ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉ፤ አሸዋው የት እንደዘሩና የት እንደቀረ ያሳያችኋል። ይበትኑ፣ በእግር ይርገጡት፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አይቅበሩት። ሲበቅል በመሐሉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲኖር ይሳሱት። ፍግም ማዳበሪያም አይጨምሩ፤ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ግንዱ ይሳሳል፣ በነሐሴ ንፋስ ይተኛል። መሬታቸው ዋልካ የሆነ አንባቢዎች መደብ ከፍ አድርጋችሁ ዝሩ፣ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል።

የጓሮ ዳር፦

በጣም አመሰግናለሁ። ቅጠሉን አየሁት፣ የተተለተለ ነው፤ በታችኛው ጫፍ ብቻ መጭ አለ። ለመስቀል የተቆረጠም አለበት፤ ይጎዳው ይሆን?

ዘር ያዥ፦

እንዳቆራረጡ ነው። ከነሥሩ የተነቀለው ዘሩም አብሮ ሄዷል። በቢላ ከታችኛዎቹ ሁለት ሦስት ጥንድ ቅጠሎች በላይ የተቆረጠው ግን ከቅጠሉ ብብት አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ዘግይቶም ቢሆን ያብባል። እነዚያን ለመጨረሻው ለቀማ ያቆዩአቸው።

መልስ፦ የደን ዳር

ጫካው ውስጥ አይዝሩት። አደይ ብርሃን ይፈልጋል፤ ዳርቻው ላይ የሞላው ከጎን ፀሐይ ስለሚያገኝ ነው። አሥር እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተው ቢያዩ መመናመኑን ያስተውላሉ። ጫካ ውስጥ ድንገት አበባ ከበዛ ቀና ብለው ወደ ላይ ይመልከቱ፦ ዛፍ ወድቆ ወይም ተቆርጦ ቀዳዳ ተከፍቶ ይሆናል። ያ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ለአበባ ሲባል ጽድና ወይራ መመልመል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ፦ ከብት በቀረበት ጫካ ዳር ከአደዩ ጋር የጽድና የወይራ ችግኝ አብሮ ይወጣል። የአንድ ዓመት ችግኝ ከጣት አይበልጥም፣ ሣር ውስጥ አይታይም፣ ማጭድ አይምረውም። ከአጨዳ በፊት ተንበርክከው ይፈልጉ፣ በየአንዳንዱ አጠገብ ረዘም ያለ እንጨት ይትከሉ፣ ዙሪያውን በእጅ ይንቀሉ። አበባው ከርሞም ይዘራል፤ በማጭድ የተቆረጠ የወይራ ችግኝ ግን የዓመታት ኪሳራ ነው።

መልስ፦ ቀፎ

አጠገብ ማሳ ካለ ቱፎርዲ (2,4-ዲ) የተባለውን የአረም መድኃኒት የሚረጩትን ጎረቤቶች ያነጋግሩ። መድኃኒቱ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ነው፣ ስንዴና ጤፉን ይተዋል፤ አደይ ቅጠሉ የተተለተለ ቢሆንም ከሣር ወገን ስላልሆነ እንደ ማገጥ ሁሉ «ሰፊ ቅጠል» ከሚባሉት ነው። ንፋስ ባለበት ሰዓት ከተረጨ ድንበሩን አልፎ ይመጣል። ንፋስ በሌለበት ማለዳ እንዲረጩ፣ ከድንበሩም ጥቂት ሜትር ሳይረጩ እንዲተዉ ይጠይቁ። ዘመናዊ ቀፎ ያላችሁ ደግሞ እንዲህ ባለ ዓመት የላይኛውን ሳጥን ቶሎ ጨምሩ፤ ቦታ ያጣ ንብ ማሩን ከመሙላቱ በፊት ይሰደዳል። ስትቆርጡም ለበጋው የሚበሉትን ተዉላቸው።