ሁለተኛ መውጣት ወይስ ሦስተኛ መውጣት፦ የትኛው የበለጠ ያረካል?

መምህር ከማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ከተማ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤቶች መካከል በሚደረጉ የሩጫ ውድድሮች ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ አስተውላለሁ፤ ሦስተኛ የወጣው ልጅ ጓደኞቹን እያቀፈ ሲጨፍር፣ ከእሱ ቀድሞ የገባው ሁለተኛው ግን አንገቱን ደፍቶ ከሜዳው ጥግ ይቀመጣል። በደረጃ ሁለተኛው እንደሚበልጥ ግልጽ ሆኖ ሳለ በስሜት ነገሩ የሚገለበጠው ለምንድን ነው? የልጅነት ጠባይ ብቻ ነው ወይስ በታላላቅ አትሌቶችም ዘንድ ይታያል? በተለይ ሮጣችሁ የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የሥነ ልቦና ተማሪ

መምህር፣ ያስተዋሉት ነገር በጥናትም ታይቷል። ሜድቬክ፣ ሜዲ እና ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ ብርና ነሐስ ያገኙ ስፖርተኞችን የቴሌቪዥን ምስል ለተመልካቾች አሳይተው የእያንዳንዱን ደስታ ከ1 እስከ 10 በሆነ መለኪያ እንዲገምቱ አደረጉ። ውድድሩ ባበቃበት ቅጽበት ነሐስ ያገኙት በአማካይ 7.1 ሲሰጣቸው ብር ያገኙት 4.8 ብቻ ተሰጣቸው፤ በሽልማት መድረኩ ላይ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ሰው ያገኘውን ውጤት የሚመዝነው ሊያገኝ ወይም ሊያጣ ይችል ከነበረው ጋር እያነጻጸረ ነው ይላሉ። ሁለተኛው ያመለጠውን ወርቅ ያስባል፤ ሦስተኛው ደግሞ ባዶ እጁን ሊመለስ ሲል መትረፉን።

የአዘዞ ሯጭ

ጥናቱን አልቃወምም፤ ነገር ግን ሁሉንም ስፖርት በአንድ ላይ ማየት ያሳስታል። በጁዶ ብር የሚያገኘው የመጨረሻ ግጥሚያውን ተሸንፎ ሲሆን ነሐስ የሚያገኘው ደግሞ የመጨረሻውን አሸንፎ ነው። በ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ የጁዶ ተወዳዳሪዎችን የፊት ገጽታ በፎቶግራፍ ያጠኑ ሰዎች፣ ግጥሚያው ባበቃበት ቅጽበት ብር ካገኙት መካከል አንድም ፈገግ ያለ አለማግኘታቸው ስለዚህ ሊያስደንቀን አይገባም። በሩጫ ግን ሁለተኛውም ሦስተኛውም የሚገቡት በዚያው ውድድር ነው፤ ስሜቱን የሚወስነው ከፊትና ከኋላ ያለው ርቀት ይመስለኛል።

ሲድኒን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ነው፤ በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት እንኳ ከዚህ ይሰፋ ነበር። ሃያ አምስት ዙር ሮጦ በዚህ መጠን መቀደም ምን እንደሚመስል የሮጠ ያውቀዋል። በአንጻሩ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ በሪሁ አረጋዊ ብር ያገኘው 26:43.44 በሆነ ሰዓት ሲሆን፣ አሸናፊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ 26:43.14፣ ሦስተኛው ግራንት ፊሸር ደግሞ 26:43.46 ሮጠዋል። ወርቁ በ0.30 አመለጠው፤ ብሩን ግን ያተረፈው በ0.02 ነው። እንዲህ ያለው ሁለተኛ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ዞር ብሎ ቢያይ የሚደሰትበት በቂ ምክንያት አለው።

የዐፄዎቹ ደጋፊ

በእግር ኳስም የሯጩ ወንድማችን ሐሳብ ይሠራል። ክሮኤሺያ በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በፈረንሳይ 4 ለ 2 ተሸንፋ ሁለተኛ ሆነች፤ በ2022 ደግሞ ሞሮኮን 2 ለ 1 አሸንፋ በሦስተኛነት ወደ አገሯ ተመለሰች። የሊግ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ ጎንደር እንዴት እንደነበረች የነበረ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛ ስንወጣ ያዘንነው ቡድኑ ስለወደቀ ሳይሆን ዓይናችን ዋንጫውን ስለለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ በዚያው ደረጃ ፒያሳን በዘፈን እናናውጣት ነበር።

መምህር ከማራኪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻው አስተያየት ግን አንድ ጥያቄ አስነሣብኝ፤ ነገሩ በመጠበቅ ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ አትሌት ሁልጊዜ ወርቅ ስለሚጠበቅ የእኛ ሁለተኛና ሦስተኛዎች በፍጹም ሊደሰቱ አይችሉም ማለት ነው?

የአዘዞ ሯጭ

አይደለም፤ ስለሺ ስህንን ይመልከቱ። በ2003ቱ የፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ እና ስለሺ ተከታትለው ሲገቡ እሱ ሦስተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ እንዲሁም በ2005 በሄልሲንኪና በ2007 በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት ሁለተኛ ወጣ፤ በአራቱም አንደኛው ቀነኒሳ ነበር። ከፊት ያለው የራስህ አገር ልጅ ሲሆን ብሩ መልኩን ይለውጣል፤ አንዱ ፍጥነቱን እየጠበቀ ሌላው ተቃዋሚን እያዳከመ በጋራ የተሠራ ሥራ ስለሆነ፣ ወርቁ ውስጥ የሁለተኛውም ድካም አለበት። አረንጓዴው ጎርፍ የምንለውም አንደኛውን ብቻ አይደለም። ስለሺ በልቡ ምን እንደተሰማው እሱ ያውቃል፤ እኔ ግን በቡድን ስልት ሮጬ ሁለተኛ የገባሁበትን ቀን ለብቻዬ ሦስተኛ ከወጣሁበት ቀን አስበልጣለሁ።

ጥሩነሽ ዲባባም አለች። በቤጂንግና በለንደን ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዳ ነበር፤ በ2016 በሪዮ ግን አልማዝ አያና በ29:17.45 የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ጥሩነሽ ሦስተኛ ወጣች። ሆኖም የሮጠችው 29:42.56 እስከዚያ ቀን በርቀቱ ካስመዘገበቻቸው ሰዓቶች ሁሉ የፈጠነ ነበር። የድሮ ወርቆቿን እያሰበ ያዘነላት ተመልካች ሰዓቱን ያላየ ይመስለኛል።

የሥነ ልቦና ተማሪ

ገንዘቡንም አንርሳ። በዓለም ሻምፒዮና የአንደኛው ሽልማት 70,000፣ የሁለተኛው 35,000፣ የሦስተኛው 22,000 ዶላር ነው። በመድረክ ላይ የታየው ፊት ምንም ቢሆን፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አትሌት ከወራት በኋላ ሲጠየቅ ሁለተኛነቱን በሦስተኛነት ይለውጣል ብዬ አላስብም። ጥናቶቹ የለኩት የዕለቱን ስሜት ነው።

መምህር ከማራኪ

እንግዲህ ከአሁን በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ የገባበትን ሰዓት ከቀድሞው ሰዓቱ ጋር ጽፌ እሰጣለሁ። ለሁለተኛው ወዲያው እንደገባ ልንገረው?

የአዘዞ ሯጭ

ወዲያውስ አይሁን፣ መምህር። መጀመሪያ ውኃ ይጠጣ፣ ይንሸራሸር፣ ማልቀስም ከፈለገ ያልቅስ። ወረቀቱን በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቢሰጡት ያነበዋል፤ እዚያው ሜዳ ላይ ከሰጡት ግን የሚያየው የአንደኛውን ሰዓት ብቻ ነው።