ከገዳሙ አጥር ሥር የሚቆፈረውን የፍሳሽ ጉድጓድ ማን ያስቁምልን?

ሰላም ወገኖች፣ የፕላን ወይም የቅርስ ሕግ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ጣና ሐይቅ ዳር ዘጌ ነው የምኖረው። ሎጅ ሊሠራ ነው ተብሎ ከገዳሙ አጥር ሥር ትልቅ የሽንት ቤት ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው፣ የምንጠጣው የእጅ ጉድጓድ ደግሞ ከሱ ቁልቁል ነው። ሄጄ አየሁት። አፈሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ደርሰዋል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፣ በዚያ የገባ ፍሳሽ ሳይጣራ ነው ውሃችን ጋ የሚደርሰው። የቡናውንም ሥር ቆራርጠውታል፣ እሱ በጣም ያንገበግባል።

አቤት ያልኩበት ሁሉ ወደ ሌላ ቢሮ ይመራኛል። አንዱ የቅርስ ጉዳይ ነው ይላል፣ ሌላው የግንባታ ፈቃድ ነው ይላል። የቅርስ አዋጁ 209/1992፣ የውሃው 197/1992፣ የከተማ ፕላኑ 574/2000 እንደሆነ አውቃለሁ። ጣናም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ (ተፈጥሮውና የሰው ኑሮው አብረው የሚጠበቁበት አካባቢ) ሆኖ ተመዝግቧል። ግን ቁፋሮውን የሚያስቆም ደብዳቤ የመጻፍ ሥልጣን ያለው ማን ነው? የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነዱን አሳዩኝ ማለትስ እችላለሁ? ማመልከቻውን እኔ ብቻዬን ላስገባ ወይስ ጎረቤትና የገዳሙ አባቶች አብረው ይፈርሙ? ክረምቱ ሳይገባ መልስ እፈልጋለሁ፣ ያለፈበት ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።