በፈረንሳይኛ መደበኛ ግሥ በፕሉስ-ከ-ፓርፌ ጊዜ እንዴት ይረባል?

ጠያቂ፦ አስጎብኚው፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአስጎብኚነት እሠራለሁ፤ ከፈረንሳይ የሚመጡ እንግዶችን በቋንቋቸው ለማስተናገድ ስል ፈረንሳይኛ እየተማርሁ ነው። ፓሴ ኮምፖዜ የሚባለውን ኃላፊ ጊዜ ያለ ችግር እጠቀማለሁ፤ ታሪክ ስተርክ ግን አንዱ ድርጊት ከሌላው ኃላፊ ድርጊት አስቀድሞ የተፈጸመ መሆኑን መግለጽ ይቸግረኛል። ለምሳሌ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ሲደርስ፣ ዐፄ ፋሲል ከተማዋን ገና በ1636 መሥርተዋት ነበር። ይህንን እንዴት ልበል? በአማርኛ «ነበር» የምለውን ሁሉስ ፕሉስ-ከ-ፓርፌ በሚባለው ጊዜ ማስቀመጥ ይኖርብኛል?

መልስ፦ መምህር

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ይህ ጊዜ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው በአምፓርፌ (የዘወትር ወይም ቀጣይ ሁኔታን በሚገልጸው ኃላፊ ጊዜ) የተረባ ረዳት ግሥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፓርቲሲፕ ፓሴ የተባለው የዋናው ግሥ ቅርጽ ነው። በአማርኛ «ጎብኝቼ ነበር፣ ጎብኝተህ ነበር፣ ጎብኝታ ነበር» ስንል ከባለቤቱ ጋር የሚለዋወጠው ዋናው ግሥ ነው፤ «ነበር» ባለበት ይጸናል። ፈረንሳይኛ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ረዳቱ ይለዋወጣል፣ ዋናው ግሥ ይጸናል። ይህንን ልብ ካሉ ሠንጠረዡን በቃል መሸምደድ አያስፈልግዎትም።

አብዛኞቹ ግሦች ረዳት የሚያደርጉት «አቯር»ን (መኖር፣ ማለትም ያለው መሆን) ነው። «ቪዚቴ» (መጎብኘት) እንዲህ ይረባል፦ ዣቬ ቪዚቴ፣ ቱ አቬ ቪዚቴ፣ ኢል አቬ ቪዚቴ፣ ኑ ዛቪዮን ቪዚቴ፣ ቩ ዛቪዬ ቪዚቴ፣ ኢል ዛቬ ቪዚቴ። «አቬ» የሚለው ድምፅ በአራቱ መደቦች አንድ ዓይነት ቢሆንም አጻጻፉ ይለያያል፤ «እኔ» እና «አንተ» በኤስ፣ «እሱ» በቴ ሲያልቁ፣ «እነሱ» ግን የማይነበቡ ሦስት ፊደላትን ያስከትላል።

ፓርቲሲፑን ማውጣትም ቀላል ነው። እንደ ቪዚቴ ያሉት የመጀመሪያው ምድብ ግሦች የመጨረሻዋን ኤር ጥለው ኧ ላይ አክሳን (ከፊደል በላይ የሚጻፍ ምልክት) ያደርጋሉ፤ ድምፁ አይለወጥም። ሁለተኛው ምድብ በኢ ያልቃል፤ «ፊኒር» (መጨረስ) «ፊኒ» ይሆናል። እንደ «ቫንድር» (መሸጥ) ያሉት ደግሞ በዩ ያልቃሉ፤ «ቫንዱ» ይባላል። አሉታውን ሲፈልጉ «ፓ»ን ከረዳቱ ቀጥሎ ያስገባሉ፦ ዠ ናቬ ፓ ቪዚቴ። «ዴዣ» (አስቀድሞ) የሚለውም የሚገባው እዚያው ነው። ስለዚህ የእርስዎ ዐረፍተ ነገር፦ «ካን ፖንሴ ኤ አሪቬ አ ጎንዳር፣ ፋሲሊዴስ አቬ ዴዣ ፎንዴ ላ ቪል» ይሆናል። የፖንሴ መድረስ በፓሴ ኮምፖዜ፣ ከዚያ የቀደመው ምሥረታ በፕሉስ-ከ-ፓርፌ ተቀመጠ ማለት ነው።

መልስ፦ የአዘዞ ነዋሪ

መምህር በሚገባ አብራርተውታል፤ እኔ «ነበር»ን በሚመለከት ለተነሣው ጥያቄ ልመልስ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። እኛ «ትናንት አዘዞ ሄጄ ነበር» ስንል ሄደን መመለሳችንን ብቻ ልንናገር እንችላለን። ፈረንሳዊ ይህንን በፓሴ ኮምፖዜ ይለዋል። እንግዳን «ከዚህ በፊት ጎንደርን ጎብኝተው ነበር?» ብሎ መጠየቅም «አቬ ቩ ዴዣ ቪዚቴ ጎንዳር?» ነው እንጂ «አቪዬ ቩ» አይደለም፤ «አቪዬ ቩ» ካሉት፣ እንግዳው ከየትኛው ያለፈ ጉዳይ በፊት እንደሆነ የጠየቁት ግራ ይገባዋል። «ነገሥታቱ እዚህ ይኖሩ ነበር» የሚለው ደግሞ የዘወትር ሁኔታ ስለሆነ አምፓርፌ ብቻውን ይበቃዋል፦ «ሌ ርዋ አቢቴ ኢሲ»። ፕሉስ-ከ-ፓርፌ ቦታ የሚያገኘው ከድርጊቱ በኋላ የመጣ ሌላ ኃላፊ ድርጊት በንግግሩ ውስጥ ሲጠቀስ፣ ወይም ሳይጠቀስም በግልጽ ሲታወቅ ነው።

መልስ፦ መምህር

እህቴ ያነሡት ነጥብ ከሠንጠረዡ ይልቅ የሚጠቅም ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ «አሪቬ» (መድረስ)፣ «አንትሬ» (መግባት)፣ «ሬስቴ» (መቅረት) እና «ቶምቤ» (መውደቅ) አረባባቸው መደበኛ ቢሆንም ረዳታቸው «ኤትር» (መሆን) ነው። ስለዚህ «ዝናቡ ሲጀምር እንግዶቹ ገብተው ነበር» የሚለው «ኤቴ አንትሬ» ይሆናል፤ በጽሑፍም ፓርቲሲፑ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፤ ለሴት ኧ፣ ለብዙ ኤስ ይጨመርበታል። «ሞንቴ» (መውጣት) ግን ተሳቢ ሲይዝ ወደ አቯር ይመለሳል፤ ደረጃውን ወጥተው ነበር ለማለት «ኢል ዛቬ ሞንቴ ሌስካልዬ» ነው የሚባለው።

ጠያቂ፦ አስጎብኚው፣ ጎንደር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእንግዶች የምሰጠውን አጭር ጽሑፍ በዚሁ መሠረት እያዘጋጀሁ ነው። «ፋሲሊዴስ የመሠረታት ከተማ» የሚለውን «ላ ቪል ከ ፋሲሊዴስ አቬ ፎንዴ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ረዳቱ አቯር ስለሆነ ፎንዴ ላይ ምንም አልጨመርሁም፤ ልክ ነው?

መልስ፦ መምህር

ረዳቱ ትክክል ነው፤ ፓርቲሲፑ ግን ኧ ይጎድለዋል። ከአቯር ጋር ያለ ፓርቲሲፕ ከባለቤቱ ጋር ባይስማማም፣ ቀጥተኛ ተሳቢው ከግሡ በፊት ከመጣ ከተሳቢው ጋር ይስማማል። እዚህ ተሳቢዋ «ቪል» ናት፤ በፈረንሳይኛ አንስታይ ጾታ አላት፣ ከግሡም ቀድማለች፤ ስለዚህ አክሳን ካለባት ኧ ቀጥሎ ሌላ ኧ ይጻፋል። በፊተኛው ዐረፍተ ነገርዎ «አቬ ፎንዴ ላ ቪል» ስንል ተሳቢዋ ከግሡ በኋላ ስለመጣች አልተጨመረም። ሲነገር ሁለቱም አንድ ድምፅ ስላላቸው በጉብኝት ላይ አያሳስብዎትም፤ በሚያትሙት ወረቀት ላይ ግን ማስተካከል ይኖርብዎታል።