የኤርታግ ጩኸት፦ ሌባን ማስጠንቀቅ ወይስ ክትትልን ማጋለጥ?

ሽቦው፦ ለክርክር የቀረበ ጥያቄ። ዕቃ መፈለጊያ መለያ (ኤርታግ፣ ታይል የመሳሰሉት) ከባለቤቱ ስልክ ሲለይ፣ አጠገቡ ላለ ለማያውቀው ሰው ራሱን ማሳወቅ አለበት? አፕልና ጉግል እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ባወጡት የጋራ ረቂቅ ደንብ «አዎ» አሉ፤ በሜይ 2024 አይኦኤስ 17.5 ላይና ከአንድሮይድ 6.0 ጀምሮ ባሉ ስልኮች ላይ ሥራ ላይ አዋሉት። መኪናው ለተሰረቀበት ሰው ግን ይህ ሌባውን «እዚህ ነኝ፣ ነቅለህ ጣለኝ» እንደማለት ነው። እኔ ዝም ይበል ባይ ነኝ።

አንቴና፦ ዝምታው ተሞክሯል። ታይል በ2023 መለያውን ከሌሎች ፍተሻ የሚሰውር አማራጭ አመጣ። ተጠቃሚው መታወቂያውን ያረጋግጣል፤ በሕገወጥ ክትትል ከተፈረደበትም 1 ሚሊዮን ዶላር ለመቀጣት ይስማማል። ጥሩ። ግን መለያው ካልተገኘ ማን ተከሶ ነው የሚፈረድበት?

ቢራቢሮ፦ አሠራሩን ሳንይዝ ባንጨቃጨቅ ጥሩ ነው። ኤርታግ ጂፒኤስ የለውም። ከባለቤቱ ሲርቅ በየ2 ሰከንዱ ገደማ በብሉቱዝ አጭር መልእክት ይለቃል፤ ውስጡ 28 ባይት ፐብሊክ ኪ (ማንም አይቶ መልእክት ሊቆልፍበት የሚችል ቁልፍ) አለ። መልእክቱ የሚይዘው 31 ባይት ብቻ ስለሆነ የቁልፉ 6 ባይት በብሉቱዝ አድራሻው ቦታ ይገባል፣ 22ቱ በመልእክቱ ይሄዳል። ያለፈ ያገደመ አይፎን የራሱን መገኛ በዚያ ቁልፍ ቆልፎ ለአፕል ሰርቨር ይልካል፤ መክፈት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሁኔታን ማገናዘብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ አጠገብ ሲሆን አድራሻው በየ15 ደቂቃው ይቀየራል፤ አንዲት ቢትም (አዎ ወይም አይደለም የምትል ምልክት) «ባለቤቴ እዚሁ ነው» ትላለች፣ ስልኮች ያንን ሲያዩ ያልፉታል። ይህች ቢት ባትኖር አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይደርሰው ነበር። ከ30 ደቂቃ በላይ ሲለይ ግን አድራሻው የሚቀየረው በ24 ሰዓት አንዴ ነው። በየ15 ደቂቃው ቢቀየር ስልክሽ በየሩብ ሰዓቱ አዲስ ዕቃ ያየ ስለሚመስለው «ይኸው መለያ ከቦታ ቦታ ተከትሎሻል» ሊልሽ አይችልም።

ሽቦው፦ እንግዲያው የጠፋ ቦርሳዬን ስካነር ያለው ሱቅ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሊለየው ይችላል።

ቢራቢሮ፦ ይችላል፤ የተከፈለው ዋጋ እሱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጩኸቱ ነው። ከተለየ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው በዘፈቀደ በተመረጠ ጊዜ፣ ሲንቀሳቀስ ይጮኻል። በ2021 ሲወጣ 3 ቀን ነበር። ሴትን በድብቅ የሚከታተላት አብሯት የሚኖር ባል ከሆነ ማታ ማታ መለያው ስልኩን ያገኛል፣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፣ ጩኸት የለም። ስፒከሩንም መንቀል ይቻላል። ስለዚህ ዋናው መከላከያ የስልኩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሽቦው፦ እሱም ይታለፋል። በ2022 አንድ የጀርመን የደኅንነት ተመራማሪ ኢኤስፒ32 የሚባል ብሉቱዝ ያለው ቺፕ ላይ ከ2,000 በላይ ቁልፎች ጭኖ እያፈራረቀ ላከ፤ አድራሻው ስለማይደገም ስልኮቹ አልነቁበትም። ደንቡ የሚያስረው ደንብ አክባሪውን ብቻ ነው።

አንቴና፦ ያንን ለመሥራት ፕሮግራም መጻፍ ያስፈልጋል። የ29 ዶላሩን ኤርታግ ግን ማንም ገዝቶ ቦርሳ ውስጥ ይጥላል። የኢኤስፒውን ቀዳዳ ለመድፈን መለያው ማንነቱን ሳይገልጽ «እውነተኛ ምርት ነኝ» ብሎ የሚያረጋግጥበት መንገድ ያስፈልጋል። በዚያች 31 ባይት ውስጥ ቦታ የለም፤ ረጅሙን የብሉቱዝ መልእክት ደግሞ አሮጌ ስልኮች አይሰሙትም።

ባለሻንጣ፦ ወደ ቦሌ ለሚላክ ሻንጣ ይህ ሁሉ ብዙም አይነካም፤ ጫኝና አውራጁ ከሻንጣው ጋር ሰፈር ለሰፈር አይዞርም። ችግሩ ሌላ ነው። አገር ቤት የሚበዛው አንድሮይድ ስለሆነ ኤርታግ የሚያየው አይፎን ያጣል። በአንድሮይድ ስልኮች የሚፈለገውን የጉግሉን ኔትወርክ መለያ ብትገዙም በመነሻ ቅንብሩ ብዙ ስልኮች አብረው ካላዩት መገኛ አይሰጥም፤ ጭር ያለ መጋዘን ውስጥ ከሆነ ጠፋ ማለት ነው። የዘመዶቻችሁን አንድሮይድ ስልክ ቅንብር «በሁሉም አካባቢ» ወደሚለው ቀይሩት። አይፎን ያላችሁ ደግሞ ከአይኦኤስ 17 ወዲህ ኤርታጉን እስከ 5 ሰው ማጋራት ስለሚቻል፣ አብሯችሁ ሻንጣ የሚጎትተው ሰው በከንቱ አይደነግጥም።

አንቴና፦ ሽቦው፣ ለመኪና ከሆነ ሲም ያለው ጂፒኤስ ግጠም። ከመኪናው ባትሪ ይጎርሳል፣ አላፊ ስልክም አይለምንም።

ሽቦው፦ እሱም እኮ ተሳፋሪውን አያስጠነቅቅም! ሲም ያለውን መከታተያ አንድ ባል ሚስቱ መኪና ሥር ቢደብቀው የትኛው ስልክ ነው የሚነግራት? ደንቡ ብሉቱዙን ብቻ የሚይዝበትን ምክንያት መጀመሪያ አስረዱኝ።