የተሣለ ሰው «ሥዕሌን አውርዱ» ማለት ይችላል?

ሄኖክ፦
ሰላም ለቤቱ። የእኛን ፖለቲካ ለአንድ ቀን አሳርፈን ስለ ሥዕል እንከራከር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቪንሰንት ናማትጂራ የሚባል አቦርጂናል ሠዓሊ አለ፤ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ማለት ነው። በ1983 አሊስ ስፕሪንግስ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ እናቱ ሞታ ከዘመዶቹ ርቆ ፐርዝ ውስጥ በአሳዳጊ ቤት አደገ። በ18 ዓመቱ ወገኖቹን ፍለጋ ወደ በረሃው ተመለሰ። በ2020 የአርቺባልድ ሽልማትን አሸነፈ። አርቺባልድ በአገሪቱ ስመ ጥር የሆነ የመልክ ሥዕል ውድድር ነው፤ በ99 ዓመት ታሪኩ አንድም አቦርጂናል ሠዓሊ አሸንፎት አያውቅም ነበር።

በ2024 ሥራዎቹ ካንቤራ ባለው ብሔራዊ ጋለሪ ቀረቡ። አንዱ ሥራ 21 ፊቶች ጎን ለጎን የተሰቀሉበት ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ አለች፣ ጂሚ ሄንድሪክስ አለ፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ስኮት ሞሪሰን አለ፣ ቪንሰንት ሊንጊያሪ አለ። የአገሪቱ አንደኛ ሀብታም፣ የብረት ማዕድን ባለቤቷ ጂና ራይንሃርትም አለች። አገጯ ተደራርቦ፣ አፏ ወደ ታች ወርዶ፣ ኩርፍ እንዳለች። ሥዕሉ ይውረድልኝ ብላ ጠየቀች። በገንዘብ የምትደግፋቸው ዋናተኞችም አገዟት፤ የኦሎምፒክ ባለ ወርቁ ካይል ቻልመርስ ሳይቀር። ጋለሪው አላወርድም አለ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጋለሪው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?

ሰናይት፦
አልነበረም። ሥዕሉን ፈልጌ አየሁት። የራስህ እናት እንዲህ ተሥላ ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ ብትሰቀል ትስቃለህ ወይ? ሴት ስትሆን መቼም ፊቷና ውፍረቷ ላይ ነው የሚዘመተው። ሀብታም መሆን ፊትን የሕዝብ ንብረት አያደርግም። ደግሞ ስሟ ከጋለሪው ለጋሾች ዝርዝር ውስጥ ነበረ። ገንዘቧን ተቀብሎ በዚህ መልክ መስቀል የበሉበትን ወጪት መስበር ነው።

ዳዊት፦
ሰኒ፣ ለቢሊየነር ማልቀስ ከመቼ ጀመርሽ?

ሰናይት፦
ለማንም አላለቀስኩም። መርሕ ነው የምናገረው። ቀልዱን ትተህ መልስ ካለህ መልስ።

ማህሌት፦
እኔ ልመልስ፤ ሥዕል ነው የተማርኩት። አንዱን ሥዕል ብቻ ነጥለሽ ካየሽ እውነትም ስድብ ይመስላል። ሃያ አንዱን አብረሽ ስታዪ ግን ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ግንባሩ ያበጠ፣ አንገቱ የጠፋ፣ ዓይኑ የፈጠጠ። የሚያከብራቸውንም የሚተቻቸውንም በአንድ እጅ ነው የሚሥላቸው። ራሱንም አይምርም። በ2018 የሠራው አንድ ሥራ አለ፤ ከእንጨት የተቆረጠ ሆኖ በአንድ ጎኑ እንግሊዛዊው አሳሽ ካፒቴን ኩክ፣ በጀርባው ሠዓሊው ራሱ አውራ ጣቱን ቀስሮ። በ2019 የራምሴይ ሽልማትን ያገኘው በእሱ ነው። እሱንም ብታዪው ቆንጆ ወንድ አልሣለም።

እኛ አገር ደግሞ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰውን እንዴት እንደሚሥል ታውቂያለሽ። በጎን፣ በአንድ ዓይን። ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ደግሞ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፣ ከነስሙ። የከፈለ ሰው እዚያ ቦታ ያገኛል። አንቺም ለጋሽ ናት ስትዪ ይሄንን ሕግ የፈለግሽላት መሰለኝ። ናማትጂራ ግን ከእግር ሥርም አላስቀመጣት፣ በአንድ ዓይንም አልሣላት። ሁለት ዓይን ሰጥቶ ከንግሥቲቱ ጋር አንድ ግድግዳ ላይ ሰቀላት።

ሰናይት፦
ደስ የሚል ትንታኔ ነው ማሂዬ። ግን ራሱን ማስቀየም መብቱ ነው፤ ፈቅዶ ነው። እሷ መቼ ፈቀደች? «ሁሉንም እኩል አስቀየምኩ» ማለት ይቅርታ አይሆንም።

ማህሌት፦
ይሄኛው ነጥብሽ ልክ ነው። መልስ የለኝም።

ጋሽ ተስፋዬ፦
ልጆች፣ እዚህ አውስትራሊያ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ነገሩን ከሥር እንየው።

የቪንሰንት ቅድመ አያት አልበርት ናማትጂራ ነው። የበረሃውን ተራራና ነጭ ግንድ ያለውን ባሕር ዛፍ በውሃ ቀለም የሚሥል፣ በዘመኑ ከአቦርጂናል ሠዓሊዎች እንደሱ ስሙ የገነነ የለም። በ1954 ንግሥቲቱ ለጉብኝት ስትመጣ ካንቤራ ወስደው አስተዋወቁት። ይሄ ሰው ግብር ይከፍላል፣ ግን አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ውስጥ ቤት እንዳይሠራ ተከልክሏል። ሙሉ ዜግነት የሰጡት በ1957 ነው። ዜግነቱ መጠጥ መግዛት ፈቀደለት፤ ዘመዶቹ ግን አልተፈቀደላቸውም። እሱ ደግሞ በባህሉ ያለውን ከዘመድ ጋር ይካፈላል። በ1958 ለዘመዱ መጠጥ ሰጠህ ተብሎ ተፈረደበት። ሁለት ወር ታስሮ ወጣ፤ በ1959 ሞተ። ልቡ ተሰብሮ ነው ይላሉ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። አባታቸው ላንግ ሃንኮክ በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ የብረት ማዕድን የከበሩ ሰው ናቸው። በ1984 በቴሌቪዥን ቀርበው ሥራ የሌላቸውን አቦርጂናል ክልሶች አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ውሃቸው ውስጥ መድኃኒት ጨምሮ ማምከን ነው መፍትሔው አሉ። አልፈጠርኩም፣ ፊልሙ አለ። በ2022 ዶኔል ዋላም የምትባል የኑንጋር (የአቦርጂናል ሕዝብ) ተወላጅ፣ የኔትቦል (ቅርጫት ኳስ መሰል ጨዋታ) ተጫዋች በዚሁ ንግግር ምክንያት የኩባንያቸው ምልክት ያለበትን ማሊያ መልበስ ከበዳት። ጭቅጭቁ ሲከር ኩባንያው የ15 ሚሊዮን ዶላር ድጋፉን ይዞ ወጣ።

ስለዚህ ሰናይትዬ፣ የበሉበትን ወጪት ስትዪ ቆም በይ። ብረቱ የወጣው ከማን መሬት ነው? ወጪቱ የማን ነበረና ነው?

ሰናይት፦
ጋሼ፣ ስለ አልበርት አላውቅም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አልቀበልዎትም። «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» የሚለውን መጽሐፉ ራሱ ሽሮታል። ልጅ በአባቷ አፍ አትከሰስም።

ጋሽ ተስፋዬ፦
አትከሰስም፣ ልክ ነሽ። ግን ወርሳለች። ሀብቱን የወረሰ ሰው ስለ ንግግሩ ሲጠየቅ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። ለዚያውም የተጠየቁት በሥዕል ብቻ ነው።

ዮናታን፦
ሕግ ቀመስ ነኝና በአጭሩ። ፎቶም ሆነ ሥዕል፣ የሚታወቅ ሰው «መልኬ የኔ ነው፣ ፈቃዴን ጠይቁ» የሚልበት ጠቅላላ መብት አውስትራሊያ ውስጥ የለም። የሥዕሉ የቅጂ መብት የሠዓሊው ነው። እዚህ ላይ ግን የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። የአልበርትን የቅጂ መብት በ1983 የመንግሥት የንብረት አስተዳዳሪ ለአንድ አሳታሚ ሸጠው። በ8,500 ዶላር! ቪንሰንት በተወለደበት ዓመት ማለት ነው። ቤተሰቡ የገዛ አያቱ ሥዕል በየካላንደሩና በየፖስት ካርዱ ሲታተም ቆሞ ያይ ነበር። መብቱ የተመለሰላቸው በ2017 ነው። «ሥዕሉ ላይ ሥልጣን ይኑረኝ» የሚለውን ጥያቄ ያ ቤተሰብ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲጠይቅ ነበር። የሀብታሟን ጥያቄ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓለም ሁሉ ሰማው።

ዳዊት፦
እሷ ዝም ብትል ኖሮ እኮ እኔ ሥዕሉን በሕይወቴ አላየውም ነበር። እሳትን በጭድ ለማጥፋት ሞከረች። አንድ ኮሜዲያን ከሰው መዋጮ ሰብስቦ ኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ በትልቁ አሳየው። ይሄን ብቻ ነው ለዛሬ የምለው።

ሄኖክ፦
ሠዓሊው ራሱ ያለውን ላስገባ። ሀብታም፣ ባለ ሥልጣን ወይም ትልቅ ቦታ ያለውን፣ በዚች አገርና በእኔ ላይ በጎም ይሁን መጥፎ ተጽዕኖ ያደረገውን ሰው እሥላለሁ ነው ያለው። ሥዕሌን መውደድ የለባችሁም፤ ግን ይሄ አቦርጂናል ሰውዬ እነዚህን ለምን ይሥላቸዋል ብላችሁ አስቡ አለ።

እኔ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ጋለሪው ያበቃለት ነበር ባይ ነኝ። ለጋሽ ሁሉ ነገ የማይወደውን እየመረጠ ያስነሣ ነበር። ኤግዚቢሽኑ ጁላይ ላይ እስኪዘጋ ሥዕሉ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ማህሌት፦
እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ያኔ ካንቤራ ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ እዚያች አንድ ፊት ፊት ቆሞ ሰልፊ ይነሣል፣ ይስቃል፣ ይወጣል። ሃያውን የሚያይ የለም። ያን ያህል የሠራ ሰው አሁን «ጂናን የሣለው» ሆኖ ቀረ። ይሄንን ያደረገችው እሷ ብቻ አይደለችም፤ እኛም እዚህ ከጠዋት ጀምሮ ስለ እሷ ነው የምናወራው። ስለ ሊንጊያሪ አንድ ሰው አልጠየቀም።

ሰናይት፦
እሺ እኔ ልጠይቅ። ማነው?

ጋሽ ተስፋዬ፦
ጉሪንጂ ከሚባለው የአቦርጂናል ሕዝብ ነው፣ ከብት ጠባቂ። በ1966 ዌቭ ሂል ከሚባል የከብት እርባታ ሁለት መቶ የሚያህሉ ሠራተኞችን ከነቤተሰባቸው አስከትሎ ወጣ። መጀመሪያ ጥያቄው የደመወዝ ነበር የሚመስለው፤ ኋላ ግን መሬታችንን መልሱ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ቆዩበት። በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጎህ ዊትላም እዚያ ድረስ ሄደው ከመሬቱ አፈር ዘግነው በመዳፉ ላይ አፈሰሱለት። ፎቶውን ሳታዪው አትቀሪም።

ሰናይት፦
አፈር የሚያፈሱበትን? አይቼዋለሁ! ማን መሆኑን አላወቅኩም እንጂ። እሱንም እንደሷ አስቀይሞ ነው የሣለው?

ማህሌት፦
በዚያው ብሩሽ ነው። ስልኬ ውስጥ አለ፣ ቤት ስገባ እልክልሻለሁ። ፊቱን አይተሽ ፍረጂ።