የባንክ መግቢያ ፈተና እንግሊዝኛ፦ ምንባቡ ጊዜ ይበላል፣ ስህተት ፍለጋው ነጥብ ያስጥላል

የቁጥር_ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። የባንክ ቅጥር የውድድር ፈተና ሊደርስ 6 ሳምንት ቀረኝ። ሒሳቡና የማገናዘብ ጥያቄው ደህና ነው፤ የሚጎትተኝ እንግሊዝኛው ነው። የምለማመደው በሕንዶቹ የአይቢፒኤስ (ለባንኮች ሠራተኛ የሚፈትነው ተቋም) ቅድመ ማጣሪያ መልክ ነው፦ 30 ጥያቄ፣ 20 ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ይቀነሳል። ምንባቡን አንብቤ ስጨርስ ግማሹ ጊዜ ሄዷል። «ስህተቱ ያለው የቱ ክፍል ላይ ነው» የሚለው ጥያቄ ላይ ደግሞ ሁሉም ትክክል ይመስለኛል። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ልገምት ወይስ ልለፈው የሚለውም አልገባኝም። ቃላት መሸምደድ ብዙ ለውጥ አላመጣልኝም። በቀን 2 ሰዓት አለኝ።

ሰዓት_ጠባቂ

ወንድሜ፣ መገመቱን አስቀድመን እንጨርሰው፤ ሒሳብ ስለሆነ ይቀልሃል። አምስት አማራጭ ካለና ሩብ ነጥብ ከተቀነሰ፣ ምንም ሳታውቅ ብትመታ በአማካይ የምታገኘው ዜሮ ነው፦ ከአምስት ሙከራ አንዱ 1 ነጥብ ይሰጥሃል፣ አራቱ ያንኑ 1 ነጥብ ይወስዱብሃል። አንዱን አማራጭ በእርግጠኝነት ከጣልክ ግን ወደ 0.06፣ ሁለቱን ከጣልክ ወደ 0.17 ትርፍ ይኖርሃል። ስለዚህ ሁለት አማራጭ የጣልክበትን ጥያቄ ሳትመልስ አትለፍ። አንድም ያልጣልክበትን ተወው፤ ጉዳቱ ነጥቡ ሳይሆን ጊዜው ነው። ፈተናህ ባለ አራት አማራጭ ከሆነ ወይም ቅነሳው አንድ ሦስተኛ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣልና መመሪያውን አንብበህ እንደገና አስላው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ 20 ደቂቃ ለ30 ሲካፈል ለአንዱ 40 ሰከንድ ይደርሳል። ግን ጥያቄ ሁሉ እኩል አይፈጅም። ለምሳሌ 5 ስህተት ፍለጋ፣ 5 ነጠላ ባዶ ቦታ፣ 7 ባዶ ቦታ ያለበት አንቀጽ፣ 5 የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችና 8 የምንባብ ጥያቄ ቢመጣ፣ ለመጀመሪያዎቹ አስር 5 ደቂቃ፣ ለአንቀጹ 3፣ ለተዘበራረቀው 4፣ ለምንባቡ 7 መድብ። 19 ሆነ፤ አንዷ ደቂቃ ምልክት አድርገህ ላለፍከው ጥያቄ ትሁን። በዚሁ ቅደም ተከተል ሥራው። ትንንሾቹ አንዱ በሌላው ላይ አይደገፉም፤ ምንባቡ ግን ስትጀምረው አልለቅ ይልሃል፣ «ይህን ያህል አንብቤማ» እያልክ የሌላውን ደቂቃ ታስበላዋለህ።

ፊደል_ለቃሚ

ስህተት ፍለጋ ላይ ሁሉም ትክክል የሚመስልህ ሰዋስው ስለማታውቅ ላይሆን ይችላል። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጆሮ ስለምትሰማው ነው። በአማርኛ ልክ የሆነው ነገር በእንግሊዝኛም ልክ ሆኖ ያልፍሃል። እነዚህን ቦታዎች ለይቶ መያዝ አንድ ወፍራም የሰዋስው መጽሐፍ ከመጨረስ ይበልጣል ባይ ነኝ።

«ሪፖርቱን ትናንት አስገብቷል» እንላለን፤ ምንም አይጎረብጥም። ስለዚህ «ዘ ባንክ ሃዝ ሰብሚትድ ዘ ሪፖርት የስተርዴይ» ሲባልም አይጎረብጥህም። በእንግሊዝኛ ግን ያለቀ ጊዜ (የስተርዴይ፣ ላስት ዊክ፣ ኢን 2019፣ ቱ ዴይስ አጎ) ከ«ሃዝ» ወይም ከ«ሃቭ» ጋር አይሄድም፤ «ሰብሚትድ» ብቻ ነው። የጊዜ ቃል ስታይ ወዲያው ግሱን ተመልከት።

«ወለዱ ቢጨምርም ደንበኞቹ ግን አልቀነሱም»፦ እኛ «ም» እና «ግን» ደርበን እንናገራለን። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት» አይኖርም፣ ከሁለቱ አንዱ ነው። «ዲስፓይት ኦፍ» የሚባልም የለም፤ ወይ «ዲስፓይት» ወይ «ኢን ስፓይት ኦፍ»።

«ባንኩ ያጸደቀው ብድር» ስንል በግሱ ጫፍ ያለችው «ው» ብድሩን ታመለክታለች። እሷን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስዳት «ዘ ሎን ዊች ዘ ባንክ አፕሩቭድ ኢት» ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለው «ኢት» ትርፍ ነው። «ዊች» ወይም «ዛት» ካየህ ከግሱ በኋላ የቀረ ተውላጠ ስም እንዳለ ፈልግ።

መስተዋድድ ላይ ደግሞ «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» ስለምንል «ዲስከስድ አባውት» ደህና ይመስላል፤ «ከእሱ ጋር ይመሳሰላል» ስለምንል «ሪዚምብልስ ዊዝ» ደህና ይመስላል። ሁለቱም ያለ መስተዋድድ ነው የሚገቡት። «ኢምፋሳይዝ ኦን» እና «ኮምፕራይዝ ኦፍ» እንዲሁ። የኛ «ከ» ማወዳደሪያም ስለሆነች «ሲኒየር»፣ «ሱፒሪየር»፣ «ፕሪፈር» ላይ «ዛን» እንጨምራለን፤ ሦስቱም የሚፈልጉት «ቱ» ነው።

ቁጥር ላይ «አምስት ብድር ጸደቀ» ማለት ስለምንችል «ፋይቭ ሎን» አያስደነግጠንም። በተቃራኒው «መረጃዎች»፣ «ምክሮች»፣ «ዕቃዎች» ስለምንል «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ»፣ «ኢኪዩፕመንትስ» ያልፉናል። ሦስቱም ብዙ ቁጥር የላቸውም።

አማርኛ የሚያግዝበትም ቦታ አለ። «ቅርንጫፉ የት እንደነበረ ጠየቀኝ» ላይ ግሱ ከባለቤቱ በኋላ ነው። እንግሊዝኛም በተዘዋዋሪ ጥያቄ እንደዚያው ነው፦ «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዘ ብራንች ዋዝ»። «ዌር ዋዝ ዘ ብራንች» ብሎ ከመጣ ስህተቱ እዚያው ነው።

ፈታኞች በጣም የሚወዱት ግን የባለቤትና የግስ ስምምነትን ነው። ዘዴያቸው አንድ ነው፦ ነጠላ ባለቤት ያስቀምጡና ከግሱ አጠገብ የብዙ ቁጥር ስም ይሰኩልሃል። «ዘ ኳሊቲ ኦፍ ዘ ሎንስ ሃቭ ኢምፕሩቭድ» ላይ የተሻሻለው ጥራቱ ነውና «ሃዝ» ነው። ከ«ኦፍ» ጀምሮ እስከ ስሙ ያለውን በዓይንህ ሸፍነህ አንብብ። «አሎንግ ዊዝ»፣ «ቱጌዘር ዊዝ»፣ «አዝ ዌል አዝ» የሚከተላቸውም ስም አይቆጠርም። «ዋን ኦፍ ዘ» ካለ ስሙ ብዙ፣ ግሱ ነጠላ ይሆናል።

በፈተናው ላይ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ሂድ፦ ባለቤትና ግስ፣ ጊዜ፣ ተውላጠ ስም፣ መስተዋድድ፣ ጥንድ ማያያዣዎች («ኖ ሱነር» ከ«ዛን»፣ «ሃርድሊ» ከ«ዌን»)፣ ቁጥር። ስድስቱን አይተህ ካላገኘህ «ስህተት የለም» የሚለውን ምረጥና ሂድ። እሱም እንደሌሎቹ መልስ ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚፈራው የሌለ ስህተት ሲፈልግ ደቂቃ ያቃጥላል።

ንባብ_ወዳድ

ከሰዓት_ጠባቂ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ምንባቡን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ማድረግ የደከመ ጭንቅላት ለከባዱ ሥራ መመደብ ነው። የመጀመሪያዎቹን አስር ከጨረስክ በኋላ የምንባቡን የመጀመሪያ አንቀጽ 20 ሰከንድ እየው። ርዕሱ የምታውቀው ከሆነ ያኔውኑ ግባበት፤ ረቂቅ ሐሳብ ከሆነ አሳድረው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልቡ እየተረጎመ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እስከ ነጥቡ ይዘልቅና ግሱን ሊያመጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበ ማለት ነው። ማረሚያው ይህ ነው፦ ከኢኮኖሚ ዜና 400 ቃል ያህል ያለው ጽሑፍ ያዝ፣ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱንና ዋናውን ግስ ብቻ በእርሳስ አስምር፣ የቀረውን በሐረግ በሐረግ ከፋፍል። ለ10 ቀን በቀን አንድ ጽሑፍ። ከዚያ እርሳሱን ጣልና ዓይንህ ያንኑ እንዲያደርግ ተወው። አንቀጹን ስትጨርስ ዳር ላይ ከ3 እስከ 5 ቃል ጻፍ፤ ስለ ምን እንደተናገረ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳደረገ ጭምር፦ «ችግሩን አነሳ»፣ «ተቃወመ»፣ «መፍትሔ ሰጠ»። ስለ ጸሐፊው አቋም ሲጠየቅ መልሱ እዚያች ዳር ላይ ነው።

የምንባብ ወጥመዶች ብዙ አይደሉም። «ኦንሊ»፣ «ኦልዌይስ»፣ «ኔቨር» ያለበትን አማራጭ ምንባቡ ራሱ ያን ያህል ካልጠነከረ ጣለው። በዓለም ላይ እውነት ሆኖ ምንባቡ ውስጥ የሌለ አማራጭም አለ፤ የባንክ ነገር የሚያውቅ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ከራሱ እውቀት ይመልሳልና።

ለተዘበራረቁት ዓረፍተ ነገሮች ታሪኩን ለማግኘት አትድከም፣ ጥንድ ፈልግ። «ኤ ኒው ሩል» ያለው «ዘ ሩል» ካለው ይቀድማል። ሙሉ ስም ከአሕጽሮቱ ይቀድማል። «ዚስ»፣ «ሳች»፣ «ሃውኤቨር» ብሎ የሚጀምር መክፈቻ አይሆንም ማለት ይቻላል። ሁለት ጥንድ ካገኘህ አማራጮቹ ራሳቸው ይረግፋሉ።

የቁጥር_ሰው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ «ቢጨምርም… ግን» የሚለው ዓይኔን ገለጠልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ቃላቱን እንዴት ልያዝ? 2 ሰዓቱንስ እንዴት ልከፋፍል?

መዝገብ_ቤት

ቃል ለብቻው ከነፍቺው አትያዝ፤ አብሮት ከሚሄደው ቃል ጋር ያዝ። ባዶ ቦታው የሚጠይቅህ ፍቺውን ሳይሆን ጓደኛውን ነው። «ግራንት ኤ ሎን»፣ «ኢንከር ኤ ሎስ» (ኪሳራ ላይ መውደቅ)፣ «ሰርቪስ ኤ ዴት» (ዕዳን በየጊዜው መክፈል)፣ «ዲስበርስ ፈንድስ» (ገንዘብ መልቀቅ)፣ «ፍሪዝ አን አካውንት»፣ «ሚት ኤ ዴድላይን»፣ «ዲፎልት ኦን ኤ ሎን» (ብድር ሳይከፍሉ መቅረት)፣ «ኢን አሪርስ» (የመክፈያ ጊዜ አሳልፎ)። በቀን 8 ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ራስህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍለት። «ኢንተረስት» ፍላጎትም ወለድም ነው፣ «ማቹሪቲ» ብስለትም የመክፈያ ቀን መድረስም ነው፤ ባንክ ነክ ምንባብ ላይ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ መሄድ አንቀጹን በሙሉ ያጣምመዋል። «ሊያቢሊቲ» ላይም ተጠንቀቅ፦ የደንበኛ ተቀማጭ ለደንበኛው ሀብት ነው፣ ለባንኩ ግን ዕዳ።

ሰዓቱን በሦስት ዙር ብታየው። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሰዓት ሳትይዝ፦ 50 ደቂቃ ፊደል_ለቃሚ ከዘረዘራቸው ነጥቦች አንዱ ከ20 ጥያቄ ጋር፣ 40 ደቂቃ ንባብ፣ 30 ደቂቃ ቃላት። ቀጣዮቹ 2 ሳምንታት አንድ አንድ ዓይነት ጥያቄ በሰዓት። የመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት በየሁለት ቀኑ ሙሉ 30 ጥያቄ በ20 ደቂቃ፣ ከዚያ ቢያንስ 40 ደቂቃ እርማት። ፈተና እየደራረቡ ያለ እርማት መሥራት ያንኑ ስህተት ማለማመድ ነው።

ለእርማቱ ደብተር ያዝ፣ አራት ዓምድ፦ የመረጥኩት፣ ትክክሉ፣ ያሳሳተኝ ምክንያት፣ ሕጉ በአንድ መስመር። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «አላወቅሁትም» ብቻ አትጻፍ። «ሕጉን አላውቀውም»፣ «አውቀዋለሁ ግን አላየሁትም»፣ «ጥያቄውን ሳልጨርስ መለስኩ»፣ «ሰዓት አጣደፈኝ» ብለህ ለይ። የመጀመሪያው ጥናት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ፊደል_ለቃሚ የሰጠህን ስድስት እርምጃ፣ ሦስተኛውና አራተኛው የጊዜ ድልድልህን መቀየር። ገጹን ከ2 ቀን፣ ከ7 ቀንና ከ20 ቀን በኋላ መልሱን በወረቀት ሸፍነህ እንደገና ሥራው፤ በሦስተኛው ጊዜም የሳትከውን በቀይ አክብብና በመጨረሻው ሳምንት እሱን ብቻ አንብብ።