የተቀደደ የአክስል ጎሚኒ፦ ራሴ ልቀይረው ወይስ ጋራዥ ላስገባው?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በፊት ጎማዎቹ የሚሄድ አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። ሰሞኑን ጎማ ለማቀያየር ስፈታ የግራው የፊት ቸርኬ ውስጠኛ ገጽ በጥቁር ግራሶ ተለቅልቆ አገኘሁት፤ ጠጋ ብዬ ስመለከትም በጎማው በኩል ያለው የአክስሉ (ኃይልን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ጎሚኒ፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚሸፍነው ላስቲክ፣ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። መኪናው እስካሁን የተለየ ድምፅ አያሰማም። ያሳየሁት ጋራዥ አክስሉ በሙሉ ይቀየር ብሎኛል፤ እኔ ግን የተበላሸው ጎሚኒው ብቻ ሆኖ ሳለ ብረቱ ለምን እንደሚጣል ሊገባኝ አልቻለም።

የፍሬን ሸራና ሻማ ራሴ እቀይራለሁ፣ ክሪክና የተሟላ ቁልፍ አለኝ፤ አክስል ግን ከቦታው አውልቄ አላውቅም። በብቸና መንገድ ወላጆቼን ለመጠየቅ አዘውትሬ እመላለሳለሁ፣ በቅርቡም የዓባይን በረሃ ተሻግሬ አዲስ አበባ መድረስ ይኖርብኛል። ሥራው በቤት የሚሞከር ነው ወይስ ለባለሙያ የሚተው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፣ ከባሕር ዳር

ወንድማችን፣ በመካኒክነት ስለምተዳደር ከሥራው በፊት ስለ ምርመራው ልናገር። ራስዎ ይሥሩት ወይስ አይሥሩት የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ጎሚኒው የሚሸፍነው የጆይንቱ (የተጣጣፊው መጋጠሚያ) ጤንነት ከታወቀ በኋላ ነው። በጎማው በኩል ያለው ሲቪ ጆይንት በውስጡ ስድስት የብረት ኳሶችን የያዘ ሲሆን፣ ኳሶቹ በተሞረዱ ቦዮች ውስጥ እየተንሸራተቱ፣ መሪው ወደየትም ቢታጠፍ ጎማው በእኩል ፍጥነት እንዲሽከረከር ያደርጋሉ። ጎሚኒው ሲቀደድ ጎማው በዞረ ቁጥር ግራሶው ወደ ውጭ ይረጫል፣ በቦታውም አቧራና ውኃ ይገባል፤ ብረቱን የሚበላው ይህ ከቀረው ግራሶ ጋር የተለወሰ አሸዋ ነው።

ስለዚህ ሰፊ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎም ወደ ግራ አጥፈው ነዳጅ እየሰጡ ቀስ ብለው ይዙሩ። ተከታታይ የ«ቀጭ ቀጭ» ድምፅ ከሰሙ ቦዮቹ ተበልተዋልና አዲስ ጎሚኒ ማልበሱ ድካም ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጋራዡ የነገረዎት ትክክል ይሆናል። ድምፅ ከሌለ ደግሞ በቅዱ በኩል ጥቂት ግራሶ አውጥተው በሁለት ጣቶችዎ መካከል ይሹት። ልስላሴው ካለ ጆይንቱ ሊተርፍ ይችላል፤ የሚቆረቁር ነገር ካለው ግን ታጥቦ ቦዮቹ በዓይን እስኪታዩ ድረስ ምንም ዓይነት ውሳኔ አይስጡ።

ጤነኛ ሆኖ የተገኘ የፋብሪካ አክስል እንዲጣል በበኩሌ አልመክርም። በርካሽ የሚሸጡ አዳዲስ አክስሎች አንዳንዶቹ ከተገጠሙ በኋላ መኪናውን ያንቀጠቅጣሉ፤ ያገለገለ ሲገዙም ጎሚኒው ቀድሞ ተቀዶ የነበረ መሆን አለመሆኑን የሚነግርዎት የለም።

ምላሽ፣ ከቡሬ

ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ምርመራውን አያዘግዩት። በደረቅ አስፋልት ላይ የተቀደደ ጎሚኒ ለጊዜው ሊታገሥ ይችል ይሆናል፤ ከአስፋልት ወጥተው የመረሬ ጭቃ ውስጥ ከገቡ ግን ጤነኛውም ጆይንት በአጭር ጊዜ ይበላሻል። የዓባይ በረሃ መንገድም ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጥምዝምዝ ነው፤ ሽቅብ ሲወጡ ጆይንቱ ታጥፎ ሳለ ሙሉ ጉልበት ይሸከማል። ጎሚኒው ሳይቀየር ወደዚያ አይሂዱ።

ምላሽ፣ ከፍኖተ ሰላም

በራሴ መኪና ላይ ስለሠራሁት፣ ሥራው ትዕግሥትና ሁለት ተጨማሪ መሣሪያዎችን እንጂ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ጠንካራ የብረት መደገፊያ ነው። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አልተሠራም፤ መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ወይም በተደራረበ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ማንም ሰው ከሥሩ ሊገባ አይገባም። ይህ ከሌለዎት ነገሩን ለጋራዥ ይተዉት።

ሁለተኛው የአክስሉን ጫፍ ዳዶ የሚፈታ ቡሶላና ረጅም እጀታ ነው፤ በቪትዝ ላይ 30 ቁጥር ነው። ዳዶው በብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች ላይ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚጠብቅ፣ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ ሳለ፣ የታጠፈው ጠርዙም ቀድሞ ከተቃና በኋላ ነው። ሲመለስ አዲስ ዳዶ ተገዝቶ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) በልኩ ይታሰራል፤ በግምት የታሰረ ዳዶ ኩሽኔታውን ይጎዳል። አክስሉ ወጥቶ ሳለም መኪናውን በዚያ ጎማ ላይ አውርዶ መግፋት ለኩሽኔታው አደገኛ ነው።

አክስል ሳይወልቅ የሚለበስ፣ ጎኑ የተሰነጠቀና በሙጫ የሚጣበቅ ጎሚኒም ይሸጣል። መጋጠሚያው ላይ ጥቂት ግራሶ ከነካው ሙጫው አይዝም፤ እንደ እኛ ባለ ኮረኮንች መንገድ ላይ አልተማመንበትም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት ሜዳ ላይ አዙሬው ድምፅ የለውም፤ ግራሶውም ለስላሳ ነው፣ አሸዋ አልነካኝም። መደገፊያውን በውሰት አግኝቻለሁና ራሴ ለመሥራት ወስኛለሁ። የቀረኝ ሥጋት አንድ ነው፦ አክስሉን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ስነቅለው ዘይቱ ይፈስሳል፣ ዘይቱን የሚያግደው ኦይል ሲልም ሊቀደድ ይችላል ይባላል። የውጭውን ጆይንት ብቻ በመዶሻ መትቼ ከዘንጉ ባላቅቀው አይሻልም?

ምላሽ፣ ከባሕር ዳር

አይሻልም። የቶዮታ የጥገና መመሪያ የውጭው ጆይንት ከዘንጉ እንዳይፈታ ያዛል፤ የውጭው ጎሚኒም የሚገባው በውስጠኛው ጫፍ በኩል ነው። ሆኖም ካምቢዮውን ሳይነኩ መሥራት ይችላሉ። ዳዶው ከወጣና የታችኛው ቴስቲና (የጎማውን መያዣ ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ) ከክንዱ ከተለቀቀ በኋላ፣ የፍሬኑን ቱቦ ሳይወጥሩ የጎማውን መያዣ ወደ ውጭ በማዘንበል የአክስሉን ጫፍ ያስወጡ። ቀጥሎ የውስጠኛውን ጎሚኒ ፋሼታዎች (ማሰሪያ ቀለበቶች) ፈትተው ዘንጉን በቀስታ ሲስቡት፣ ሦስት መንኮራኩር ያለው የውስጡ ጆይንት ከጽዋው (ከሚቀመጥበት የብረት መያዣ) በአብዛኛው ያለ ችግር ይወጣል፤ ጽዋው ካምቢዮው ላይ እንዳለ ስለሚቀር ዘይት አይፈስስም። አፉን ወዲያውኑ በንጹሕ ላስቲክ ይሸፍኑት።

ከዚያ ሦስት መንኮራኩሩን በዘንጉ ላይ የሚይዘውን ቀለበት (ስናፕ ሪንግ) ከማውጣትዎ በፊት በሦስት መንኮራኩሩ፣ በዘንጉና በጽዋው ላይ በቀለም ትይዩ ምልክት ያድርጉ፤ በብረት አይብሱት። የውስጠኛው ጎሚኒ አብሮ ስለሚወጣ፣ ካረጀ እሱንም በዚያው ይቀይሩት። የውጭውን ጆይንት እያጣጠፉ በነዳጅ አጥበው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት፣ ቦዮቹንም በመብራት ይዩአቸው፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ጎሚኒውን አያልብሱ። ከሌለ ከአዲሱ ጎሚኒ ጋር የሚመጣውን የሞሊብዲነም ግራሶ ሳያስተርፉ ይሙሉበት፤ የኩሽኔታ ግራሶ አይተካውም። የመጨረሻውን ፋሼታ ከማጥበቅዎ በፊት የጎሚኒውን ጠባብ አፍ በስስ ካቻቢቴ ጥቂት ከፍተው የታመቀውን አየር ያስወጡ፣ እጥፋቶቹም እንዳልተጠመዘዙ ያረጋግጡ።